እንግዳ ሳይጠይቅ የሚነገረው

ተጠራጣሪው፦ የሰጠሽኝን ጽሑፍ አነበብኩት። ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ለሚያርፍ እንግዳ የሚሰጥ ምክር ነው አልሽኝ። ግማሹ ስለ ወባ፣ ስለ ደንጊና ስለ ውሃ ያወራል፤ ግማሹ ስለ እስልምና። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ያገናኛቸው ምንድነው?

አዘጋጇ፦ ሰፈራችን ነው ያገናኛቸው፣ ጋሼ። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ገና ሳይነጋ አዛን ይቀሰቅሰዋል፤ ሊታጠብ ሲነሳ ቧንቧው ደርቆ በርሜል ይከፍታል። ምሳ ሲታዘዝለት ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን የሚል ጥያቄ ይሰማል። ከሰዓት በሙቀቱ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ያገኘዋል። ማንም ምንም ያልነገረው ሰው ግራ ይጋባል።

ተጠራጣሪው፦ ግራ መጋባት በሽታ አይደለም፤ ስጋቴም ሌላ ነው። ወባን፣ ተቅማጥን፣ የውሻ ንክሻን እየዘረዘርሽ «ተጠንቀቅ» ትይዋለሽ። ገጹን ሲገልጥ «እስልምና» የሚል ርዕስ ይጠብቀዋል። አንባቢው ሁለቱን በአንድ ቢቆጥር ይፈረድበታል? እስልምናን እንደ አደጋ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት አይደለም። ያንን ዓይን ይዞ ለሚመጣ ሰው ማረጋገጫ ልትሰጪው አይገባም።

አዘጋጇ፦ የጤናውንም ገጽ «ተጠንቀቅ» ብቻ ብዬ አልጻፍኩትም። ሳቢያን የሚኖር ሰው ቀን በቀን የሚያደርገውን ነው የጻፍኩት፤ እንግዳው እንደ ነዋሪው እንዲኖር። የሃይማኖቱም ገጽ እንደዚሁ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እስቲ ከጤናው እንጀምር፤ በእሱ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው፣ ክረምት ሲወጣ ነው የሚነሳው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ከተማ መሃል፣ በበጋ የሚያርፍን ሰው ይህን ያህል ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ?

አዘጋጇ፦ ያ ድሮ ቀረ። በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ወራት ድሬዳዋ ውስጥ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከ2019 ጋር ሲተያይ ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እንኳ አልቀረለትም። የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ነው። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ እኛ አገር ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ለዚችኛዋ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ስለዚህ ከተማ መሆኑም በጋ መሆኑም አያድንም።

ተጠራጣሪው፦ በርሜል የሌለበት ቤት የት ይገኛል ታዲያ? የከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ሳቢያን ነው፤ እኛም ግን ውሃ እናጠራቅማለን። ቧንቧ ሲመጣ ያልቀዳ ሰው በምን ሊያበስል፣ በምን ውዱእ ሊያደርግ ነው?

አዘጋጇ፦ አታጠራቅሙ አላልኩም፤ ክደኑት ነው ያልኩት። እንግዳውም ያረፈበት ቤት በርሜል መከደኑን እንዲያይ እፈልጋለሁ። ክዳኑን ቀስ ብሎ ያንሳና ውሃውን ሳያናውጥ በባትሪ ይመልከት። ከውሃው ፊት ጋር ተጋድማ የምትንሳፈፍ እጭ ካየ የወባ ትንኝ ናት። ጭራዋን ወደ ላይ፣ ራሷን ወደ ታች አድርጋ የተንጠለጠለች ካየ ደግሞ ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱ አንድ በርሜል ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ደንጊ በአገራችን መጀመሪያ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በ2013 ነው። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማዋን ሰው ያዘ።

ተጠራጣሪው፦ እሱን ማን ይረሳል! ጎረምሳው ሁሉ ግድግዳ እየያዘ ነበር የሚሄደው። ሱጁድ መውረድ አቅቶት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰገደው ስንት ነው።

አዘጋጇ፦ ስለዚህ እንግዳው ከትንኞቹ ሰዓት ጋር መተዋወቅ አለበት። ኤደስ ቀን ነው የምትናከሰው፤ በተለይ ማለዳና ጀምበር ከመጥለቋ በፊት። የወባዋ ትንኝ መሸት ሲል ትነሳለች። በቀላሉ እንዲያስታውሰው በሶላት ሰዓት ቀምሬለታለሁ፤ ከዐስር ጀምሮ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ መግሪብ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ከኢሻ በኋላ አጎበር።

ተጠራጣሪው፦ ይሄውልሽ፣ የፈራሁት ይህንን ነው። አዛን ሰውን ወደ አላህ የሚጠራ ነው። የመግሪብ አዛን በሰማ ቁጥር ትንኝ ትዝ የሚለው እንግዳ ስለ እስልምና ምን አወቀ?

አዘጋጇ፦ እርስዎ ራስዎ ሲቀጥሩኝ «ከዐስር በኋላ ነይ» ነው የሚሉኝ። የድሬ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሳይቀር፣ ቀኑን በአዛን ይከፍለዋል። ይህ ንቀት ሳይሆን አብሮ መኖር ነው።

ተጠራጣሪው፦ እኔም አንቺም ሰዓቱን ከሶላቱ የምንወስደው ሶላቱን ስለምናውቀው ነው። እንግዳው ግን ሶላቱን ሳያውቅ ሰዓቱን ብቻ ይወስዳል። መጀመሪያ ሱብሂ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብና ኢሻ ምን እንደሆኑ ይወቅ፤ ሰው ከሥራውና ከሐሳቡ ተነጥሎ በፈጣሪው ፊት የሚቆምባቸው ሰዓቶች መሆናቸውን ይወቅ። ማዛመዱን ከዚያ በኋላ ራሱ ያደርገዋል። ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ቅር እንዳይልሽ። አንቺ ክርስቲያን ነሽ። እስልምናን ለባዕድ የምታስተዋውቂው ምን ሆነሽ ነው?

አዘጋጇ፦ ጎረቤት ሆኜ ነው። ጎረቤት የሚያየውን ብቻ ነው የጻፍኩት። መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወለቃል። የሚሰግድ ሰው ፊት ለፊት አይታለፍም። ሴት ጸጉሯን ትሸፍናለች። ወንድ ለማያውቃት ሴት እጁን ቀድሞ አይዘረጋም፤ እሷ ከዘረጋች ይጨብጣል። በረመዳን ቀን ቀን መንገድ ላይ መብላትና ማጨስ ነውር ነው። አርብ ለጁምዓ መስጊዱ ሲሞላ ሰጋጁ መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል። እምነቱን ራሱን፣ አላህን፣ ነቢዩን፣ ቁርኣንን የሚመለከተውን ገጽ ግን ባዶ ትቼዋለሁ። እርስዎ እንዲጽፉት ነው ያመጣሁት።

ተጠራጣሪው፦ እኔስ ብጽፈው የማንን እጽፋለሁ? ድሬ ውስጥ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ጉራጌው አንድ ሰፍ ላይ ይሰግዳል። ከመስጊድ ሲወጣ ግን አንዱ መውሊድ ያከብራል፣ ሌላው አይቀበለውም። አንዱ ሐረር ወጥቶ የወልይ መቃብር ይዘይራል፣ ሌላው ያወግዛል። እኔ ከጻፍኩት የእኔ መንገድ «እስልምና» ተብሎ ለእንግዳ ይሰጣል። ጎረቤቴ ሲያነበው የት ገባሁ ይላል።

አዘጋጇ፦ ሁሉም የሚስማሙበት አለ እኮ። የእምነት ቃሉ፣ ሶላቱ፣ ዘካው፣ የረመዳን ጾሙ፣ ሐጁ።

ተጠራጣሪው፦ አምስቱን መቁጠር ማንም ይችላል። እንግዳው የአምስት ነገር ቁጥር ይዞ አውሮፕላን ላይ ይወጣና እስልምናን አወቅኩ ይላል። ደግሞ ሳይነገረው የሚቆጥረውም አለ። ከሰዓት በርጫ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲቅም ያይና ጫትን የሃይማኖቱ ክፍል ያደርገዋል።

አዘጋጇ፦ ጫትን ወደ ጤናው ገጽ የወሰድኩት ለዚህ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ለሚወስድ እንግዳ አይመከርም። ከከተማችን ይዞ ሊወጣ ቢያስብም ብዙ አገር ይከለክለዋል፤ እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2014 ከልክላዋለች።

ተጠራጣሪው፦ እሱ ይሁን። አሁን ግን ዋናውን ልጠይቅሽ። እስልምና ከዚች አገር ጋር እንዴት እንደተዋወቀ ታውቂያለሽ። በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ቀይ ባሕርን የተሻገሩት የነቢዩ ባልደረቦች ራሳቸው የባሕር ማዶ እንግዶች ነበሩ። የመካዎቹ ቁረይሾች ስጦታ ልከው ይመለሱልን ሲሉ የሐበሻው ንጉሥ ነጋሺ አሳልፎ አልሰጣቸውም፤ አስጠራቸውና ሃይማኖታችሁ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ቆሞ አስረዳ። ልብ በይ፤ አስተናጋጁ ጠየቀ፣ እንግዳው መለሰ። ሃይማኖቱ የተዋወቀው ሊሰማ በፈለገ ጆሮ ፊት ነው። አንቺ ላልጠየቀ ሰው መልስ ታድያለሽ። ያልተጠየቀ መልስ ወይ ስብከት ወይ ማስታወቂያ ይሆናል።

አዘጋጇ፦ ጥሩ አሉኝ፤ ግን ትኩሳት ላይ ይህ አይሠራም። የሚጠይቀው ከታመመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ነገር ረፍዷል። የወባ መከላከያ ክኒን ከአገሩ ሳይነሳ መጀመር ነበረበት። የቢጫ ወባ ክትባት ለመሥራት አሥር ቀን ይፈልጋል፤ በሽታው ካለበት አገር ለሚመጣ ሰው ደግሞ የክትባቱ ካርድ መግቢያ ላይ ይጠየቃል። ሰውነቱን ሲቆረጣጥመው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ይውጣል፤ ደንጊ ከሆነ እነዚህ ለመድማት ይዳርጋሉ፤ ምርመራ እስኪደረግ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ፈረንጁ ሳይሆን የእኛው ልጅ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ዲያስፖራው?

አዘጋጇ፦ አዎ። ድሬ ተወልዶ፣ ቶሮንቶ ወይም ጅዳ ሃያ ዓመት ኖሮ ለሠርግ ይመጣል። «እኔን ወባ አይነካኝም፣ እዚሁ ነው ያደግኩት» ይላል። ልጅነቱ የሰጠው የመከላከል አቅም ርቆ ሲኖር ይደክማል፤ ውጭ የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ ከነጭራሹ የላቸውም። እሱ ግን ክኒን መዋጥን እንደ እንግድነት ይቆጥረዋል። ትኩሳት ሲይዘው ፈጣን ምርመራ ያደርግና «የለብህም» ሲባል ይተኛል። በ2022ቱ ወረርሽኝ ከተገኙት የወባ ተህዋሲያን ውስጥ ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ነበሩ። ትኩሳቱ ካልለቀቀው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ አለበት። አገሩ ከተመለሰ በኋላም ከሳምንታት ወይም ከወራት ቆይቶ ሊነሳበት ስለሚችል ለሐኪሙ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» ማለት አለበት። ይህን ሁሉ እስኪጠይቅ ልጠብቀው?

ተጠራጣሪው፦ አትጠብቂው። እንግዲህ ተስማማን፤ ጤናው ሳይጠየቅ ይነገር፣ ሃይማኖቱ ሲጠየቅ ይመለስ። ወረቀቱን ለሁለት ቅደጂው።

አዘጋጇ፦ አልተስማማንም፣ ጋሼ። መስመሩ በጤናና በሃይማኖት መካከል አይደለም ያለው፤ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል። ከሃይማኖቱም ሳይጠየቅ መነገር ያለበት አለ። በሰጋጅ ፊት አቋርጦ ያለፈ እንግዳ ሰው ካስቀየመ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ከጤናውም ሳይጠየቅ የማይነገር አለ፤ የሰውን የቆየ ሕመም፣ እርግዝናውን፣ የደሙን ውጤት እኔ ቀድሜ አላነሳም። ባለማወቅ የሚጎዳውን ወይም ሌላውን የሚጎዳበትን ሁሉ ቀድሜ እነግረዋለሁ። ሊያውቀው፣ ሊከራከርበት፣ ሊያምንበት የሚችለውን ግን ለጥያቄ እተዋለሁ።

ተጠራጣሪው፦ ያ የተሻለ መስመር ነው። ግን የሚያፈርሰው አለ። ከውጭ መጥቶ ረመዳን የደረሰበትን ስኳር ያለበት ሙስሊም እንግዳ ውሰጂ። በድሬ ሙቀት፣ ከዘመድ ጋር ሆኖ «ሁሉም እየጾመ እኔ ልበላ?» ብሎ ይጾማል። ጉዳቱ የጤና ነው፤ የሚጎዳበት ምክንያት ግን እምነቱ ነው። ስለ እምነቱ ሳይጠይቅሽ ትነግሪዋለሽ?

አዘጋጇ፦ እነግረዋለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም። ስኳሩ እንደሚወርድ፣ መንቀጥቀጥና ላብ ሲመጣ ወዲያው ጣፋጭ መውሰድ እንዳለበት፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር ማስተካከል እንዳለበት እኔ እነግረዋለሁ። ለሕመምተኛና ለመንገደኛ አለመጾም የተፈቀደለት መሆኑን፣ በኋላ ቀን ማካካስ ወይም ማካካስ ለማይችል ሰው ሚስኪን ማብላት እንዳለ ግን እርስዎ ቢነግሩት ነው የሚቀበለው። ከእኔ አፍ ሲሰማው ሃይማኖቱን ላስተወው የፈለግኩ ይመስለዋል። ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ይሁኑ የምለው ለዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እዚህ ላይ አሸነፍሽኝ ልበል መሰለኝ። ገና አልጨረስኩም ግን። ታኅሣሥ 19 ስንት ሰው ነው በድሬ በኩል ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚያልፈው? ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ስለት ይዞ የሚመጣውስ? እሱም ሕዝብ መሃል ይቆማል፤ ውሃና ምግብ ከመንገድ ይገዛል። ለቁልቢው እንግዳ ኦርቶዶክስን የምታስተዋውቂበት ገጽ የት አለ? የእኛን ብቻ ካስቀመጥሽ «እነዚህ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል፣ እነዚያ ግን የታወቁ ናቸው» ማለትሽ ነው። ባታስቢውም እንደዚያ ይነበባል።

አዘጋጇ፦ እውነት ነው፤ ገጽ ያስፈልገዋል። የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ የቁልቢ መንገድ፣ ሁሉም ይገባል።

ተጠራጣሪው፦ ሲገባ ይወፍራል። ሲወፍር ማንም አያነበውም። እንግዳ የሚያነበው አንድ ገጽ ነው፤ ለአንድ ገጽ ከመረጥሽ ምን ትቆርጪያለሽ?

አዘጋጇ፦ ሰው የሚያድነውን አልቆርጥም። አጎበር፣ የተከደነ ውሃ፣ የተፈላ ወይም የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ ለተቅማጥ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ለትኩሳት በዚያው ቀን ምርመራ። ከሃይማኖቱ ደግሞ አንድ ነገር አስቀራለሁ፤ እሱም ከጤናው ጋር የሚገናኝ ነው። ኸሊፋው ዑመር በ639 ገደማ ወደ ሻም፣ ማለትም ወደ ሶርያ ምድር፣ ሲጓዙ መንገድ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ከአላህ ውሳኔ ልትሸሽ ነውን ሲሏቸው፣ ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው ነው የምሄደው የሚል መልስ ሰጡ። በሽታ ወዳለበት እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ የሚያዝዘውን የነቢዩን ትምህርትም ከባልደረቦቻቸው ሰሙ። ይህን ያነበበ እንግዳ እስልምና ከጥንቃቄ ጋር የማይጋጭ መሆኑን ያውቃል።

ተጠራጣሪው፦ ካነሳሽው አይቀር እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ትምህርቱ ሁለት ወገን አለው፤ አትግባ ይላል፣ ይዘህም አትውጣ ይላል። ወረቀትሽ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው ያለው፤ እንግዳውን ከእኛ ይጠብቀዋል። እኛን ከእንግዳው ማን ይጠብቀን? ስቴፈንሲ በእግሯ አልመጣችም፤ ደንጊና ቺኩንጉንያም በሰው ደም ነው ከአገር አገር የሚጓዙት። እንግዳው ትኩሳት ይዞት ሳቢያን ግቢ ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ ከተቀመጠ፣ የእኛዋ ኤደስ ከእሱ ወስዳ ለጎረቤቴ ልጅ ትሰጣለች። ይህን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍሽም።

አዘጋጇ፦ መጻፍ አለበት። ትኩሳት ያለበት እንግዳ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ምርመራ ሳያደርግ ጉዞውን አይቀጥል፤ ያረፈበትንም ቤት በርሜል ሳይከድን አይሂድ። ይህ ሲገባ ወረቀቱ የእንግዳ ግዴታም ይሆናል።

ተጠራጣሪው፦ አሁን ወደ መስማማት ቀርበናል። ባዶ የተውሽውን ገጽ ግን አልሞላውም። እዚያ ላይ አንድ መስመር ጻፊ፤ «ስለ እምነቱ ማወቅ ከፈለግህ ካረፍክበት ቤት ሰው ጠይቅ፤ በደስታ ይነግርሃል»። ነጋሺ ያነበበው ወረቀት አልነበረም፤ ሰው ነው ያዳመጠው። እስልምናን ከሚያምን ሰው የሰማ፣ አብሮት ያፈጠረ፣ ከእሱ ሳህን ሳምቡሳና ተምር ያነሳ እንግዳ አምስቱን መሠረቶች ከሸመደደው ይበልጥ ያውቃል።

አዘጋጇ፦ ሰው ከወረቀት እንደሚበልጥ አልከራከርዎትም። ግን ሁሉም እንግዳ እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት አያገኝም። ሆቴል የሚያርፍ፣ ቋንቋ የማይችል፣ ብጠይቅ አስቀይማለሁ ብሎ የሚፈራ አለ። የሰማው ሁሉ ክፉ ክፉው ሆኖ የሚመጣም አለ። እሱ ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ ይዞት የመጣውን ፍርሃት ይዞት ይመለሳል። እርስዎ ዝም ያሉበትን ገጽ ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ እስልምናን ከማይወድ ቦታ።

ተጠራጣሪው፦ ከእኛ ጋር ሰንብቶ አንድ ጎረቤት ሳያገኝ የሄደ እንግዳ ካለ፣ የጎደለው ወረቀት አይደለም፤ እኛ ነን የጎደልነው። ወረቀትሽ ያንን ጉድለት እንዳይሸፍንልን ነው የምፈራው። «ሰጥተነዋል፣ አንብቧል» ብለን በራችንን እንዳንዘጋ።

አዘጋጇ፦ እኔ ደግሞ ያ ጉድለት እስኪሞላ ድረስ፣ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ያልተነገረው ሰው በትኩሳት እንዳይሞት፣ ወይም ጠልቶን እንዳይመለስ ነው የምፈራው።